ከማስታወቂያው እስከ ፋብሪካው፤ ስለ መጪ ፕሮሰሰሮች የሚነገረው ትንበያ እንዴት ይመዘናል?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚሠሩ ኩባንያዎች ወደ ገበያ ሊያወጡት ያሰቡትን ዕቃ ከአንድና ከሁለት ዓመት አስቀድመው ማሳወቅ ልማዳቸው ነው። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ወሬው ይከተላል፤ ፕሮሰሰሩ ከመሸጡ በፊት ፍጥነቱ ይነገራል፤ ከቀዳሚው በምን ያህል እንደሚበልጥ ይሰላል፤ ዕቃው ገና በዓይን ሳይታይ አሸናፊውና ተሸናፊው ኩባንያ ይለያል። ይህን ሁሉ እንደ መዝናኛ የሚከታተሉ ብዙዎች ናቸው። ለአንድ መሥሪያ ቤት መቶ ኮምፒውተር ወይም ለአንድ የዳታ ማዕከል ሙሉ መሣሪያ እንዲያስገዛ ኀላፊነት የተሰጠው መሐንዲስ ግን ከወሬው መካከል እውነቱን ነቅሶ ማውጣት ግዴታው ነው። ዘንድሮ ይግዛ ወይስ የሚቀጥለውን ትውልድ ይጠብቅ? ጠብቆ ዕቃው ቢዘገይ ሥራ ይስተጓጎላል፤ ሳይጠብቅ ገዝቶ በስድስተኛው ወር እጅግ የተሻለ ዕቃ በዚያው ዋጋ ቢወጣ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ባክኗል ተብሎ ይወቀሳል።

የዚህ ንግግር ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም ስለ መጪ ፕሮሰሰር የሚነገር ትንበያ በስሙም ሆነ በንድፉ ከመመዘኑ በፊት በፋብሪካው ይመዘን የሚል ነው። ከወደቁት ትንበያዎች መካከል እጅግ የታወቁት የወደቁበት ሥፍራ፣ በወረቀት ላይ ያለው ንድፍ ወደ ሲሊኮን የሚለወጥበት ሥፍራ ሆኖ ይገኛልና። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ትንበያ ከዚህ ሙያ ጋር አብሮ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎርደን ሙር በ1965 ኤሌክትሮኒክስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚቀመጡት ክፍሎች ብዛት በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ በ1975 ወደ 65,000 እንደሚደርስ ገመቱ። ዐሥሩ ዓመት ሲሞላም ራሳቸው ግምቱን አሻሽለው፣ ከዚያ ወዲያ እጥፍ የሚሆነው በየሁለት ዓመቱ ነው አሉ። ይህ አነጋገር የሙር ሕግ የሚል ስም ወጥቶለታል። ሕግ መባሉ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። የማተሚያ መሣሪያ ሠሪው፣ የኬሚካል አቅራቢው፣ የፋብሪካው ባለቤትና የፕሮሰሰሩ ነዳፊ በአንድ ዓመተ ምሕረት በአንድ ሥፍራ ለመገናኘት የያዙት ቀጠሮ ነው ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። ቀጠሮ ደግሞ ይከበራል፤ ይፈርሳልም።

ከታላላቆቹ መፍረሶች አንዱ የደረሰው በ2004 ነበር። በአይ.ቢ.ኤም. ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቻቸው በ1974 እንዳሳዩት፣ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ከአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል። ሠላሳ ዓመት ያህል ነገሩ እንዲሁ ሆነ። ስለዚህም ኢንቴል የፔንቲየም 4ን ዘር ወደ 10 ጊጋኸርትዝ አደርሳለሁ ሲል የተጠራጠረው ጥቂት ሰው ነበር፤ ያለፈውን መስመር በማስመሪያ አስረዝሞ የተመለከተ ሁሉ እዚያው ቁጥር ላይ ይደርስ ነበርና። ትራንዚስተሩ ግን ከተወሰነ ልክ በታች ሲያንስ ተዘግቶም ኤሌክትሪክ ማሾለክ ጀመረ፤ ቮልቴጁም አልወርድ አለ። በግንቦት 2004 ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰር ሠረዘ፤ በጥቅምት ደግሞ ቃል የገባበትን ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 ተወው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት ስለዚሁ ነገር በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ፣ በቀልድም ቢሆን፣ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ በአንድ ቺፕ ላይ ያለውን የማስሊያ እምብርት ብዛት ወደ መጨመር ዞሩ።

ከዚህ የበለጠ ብዙ የሚያስተምረው ግን 10 ናኖሜትር የተባለው የኢንቴል የአመራረት ትውልድ ታሪክ ነውና ጥቂት ሊቆዩበት ይገባል።

ቺፕ የሚሠራው በብርሃን በማተም ነው። ዌፈር በሚባለው 300 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ስስ የሲሊኮን ሰሌዳ ላይ ብርሃን የሚነካው ቅብ ይቀባል፤ ንድፉ በተቀረጸበት ማስክ በኩል ብርሃን ይለቀቅበታል፤ ብርሃን የነካው ወይም ያልነካው ክፍል ታጥቦ ይሄድና በሥሩ የተገለጠው ይፋቃል ወይም በብረት ይሞላል። ይህም በመቶዎች በሚቆጠሩ እርምጃዎች ይደጋገማል። ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 193 ናኖሜትር የሆነ ነው። በሌንሱና በዌፈሩ መካከል ውኃ በማስገባት ኀይሉን ማጉላት ቢቻልም፣ በዚህ ብርሃን በአንድ ጊዜ ሊታተሙ የሚችሉት መስመሮች በተግባር ከ76 ናኖሜትር በላይ ሊቀራረቡ አይችሉም። የግድ ይቀራረቡ ከተባለ ሥራውን አባዝቶ መሥራት ያስፈልጋል። ሥራው በሁለት ሲባዛ እስከ 38 ናኖሜትር ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ በታች በአራት ማባዛት ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ለ7 ናኖሜትር ትውልዱ የመረጠው የመስመር ርቀት 40 ናኖሜትር ነበር፤ ኢንቴል ለ10 ናኖሜትር ትውልዱ የመረጠው ደግሞ 36። ልዩነቱ አራት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ አንደኛውን በሁለት ብዜት ክልል ውስጥ አስቀረው፤ ሌላውን ወደ አራት ብዜት አሻገረው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ብዜት ተጨማሪ ማስክ፣ ተጨማሪ ፍቀት፣ ተጨማሪ የመዛነፍ አደጋ አለው። ኢንቴል በዚህ ላይ ከቀዳሚው ትውልድ 2.7 እጥፍ ትራንዚስተር በአንድ ስፋት ላይ ለማስቀመጥ ተነሣ። ከዚህም ሌላ በታችኞቹ መስመሮች መዳቡን በኮባልት ለመተካት ወሰነ። ለዚህ የነበረው ምክንያት ከንቱ አልነበረም። መዳብ በዙሪያው ወዳለው ንጣፍ እንዳይሰርግ የታንታለም ሽፋን ያስፈልገዋል፤ መስመሩ በጠበበ ቁጥር ሽፋኑ የመዳቡን ቦታ ይሻማል። (በኢትዮጵያ ከቀንጢቻ ሲወጣ የኖረው ታንታለም ለዚሁ ኢንዱስትሪ የሚፈለግ ማዕድን ነው፤ ቺፕ የማይሠራ አገርም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀለበት ሊኖረው እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው።) አዲስ ብረት፣ አዲስ የብዜት ዘዴና እጅግ የተጨናነቀ ንድፍ በአንድ ጊዜ ተጣምረው መጡ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚቻል ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ ግን ፋብሪካውን አሰናከሉት።

ውጤቱ የሚታወቅ ነው። በ2016 ገደማ ይደርሳል የተባለው ትውልድ በየዓመቱ ተላለፈ። ኩባንያው በ2017 መጨረሻ የ10 ናኖሜትር ዕቃ ልኬአለሁ አለ፤ በ2018 ሲታይ ግን የተላከው ካነን ሌክ የተባለ አነስተኛ ፕሮሰሰር ሆኖ በአንድ ዐይነት ላፕቶፕ ውስጥ በቻይና ገበያ ተገኘ፤ የምስል ማስሊያ ክፍሉም ተዘግቶ ነበር። በብዛት የሚባል ዕቃ የወጣው በ2019 ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች እስከ 2021 መጸው ድረስ በ14 ናኖሜትር ላይ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ሁሉ በኢንቴል ነዳፊዎች እጅ ያለቁ ንድፎች ነበሩ፤ ነገር ግን የተነደፉት ላልደረሰ ፋብሪካ ስለነበረ ወረቀት ሆነው ቀሩ። ስለ ፍጥነታቸው ይወራ የነበረው ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ተፎካካሪው ኤ.ኤም.ዲ. በአንጻሩ የራሱን ፋብሪካዎች በ2009 ከአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ጋር በመሆን ግሎባልፋውንድሪስ ወደተባለ ሌላ ኩባንያ አዛውሮ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች ይህን የሽንፈት ምልክት አድርገው ቆጠሩት። ግሎባልፋውንድሪስ በ2018 የ7 ናኖሜትር ሥራውን ሲያቋርጥ ግን ኤ.ኤም.ዲ. ንድፉን ይዞ ወደ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ለመሄድ የሚከለክለው ፋብሪካ አልነበረውም። በ2019 በ7 ናኖሜትር የተሠራው ፕሮሰሰሩ ሲወጣ፣ በዚህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአመራረት ትውልድ ወደፊት የቀደመው እርሱ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ናኖሜትር ስሞች አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የኢንቴል 10 ናኖሜትርና የቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. 7 ናኖሜትር በትራንዚስተር ጥግግት ተቀራራቢ ነበሩ፤ በአንድ ስኩየር ሚሊሜትር ላይ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ። ስሙ ብቻ ተለያየ። ዛሬ 3 ናኖሜትር በሚባለው ትውልድ ውስጥ 3 ናኖሜትር የሚለካ ዋና ክፍል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ከአንዱ ትራንዚስተር በር እስከ ቀጣዩ በር ያለው ርቀት ከ40 ናኖሜትር በላይ ነው። ኢንቴልም በ2021 ይህን ስለተረዳ፣ 10 ናኖሜትር የሚለውን የተሻሻለ ትውልዱን ኢንቴል 7፣ 7 ናኖሜትር የሚለውንም ኢንቴል 4 ብሎ ሰየመ። በአንድ የስም ለውጥ ፋብሪካው አንዲት እርምጃ አልተራመደም። በጨረታ ሰነድ ውስጥ ከ7 ናኖሜትር የማይበልጥ የሚል ቅድመ ሁኔታ የሚያስገባ ሰው ካለ፣ የጻፈው የንግድ ስም እንጂ የቴክኒክ መለኪያ አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ታዲያ ትክክለኛው መለኪያ ምንድን ነው ቢባል፣ ከአንድ ዌፈር ላይ ደኅና ሆነው የሚወጡት ቺፖች ድርሻ ነው። ኩባንያዎች ይህን ቁጥር እንደ ቤተሰብ ምስጢር ይጠብቁታል። ስሌቱን ግን ማንም መሐንዲስ በወረቀት ሊሠራው ይችላል።

አንድ እንጀራ ላይ አምስት ቦታ ቢያር፣ እንጀራው ሳይቆረስ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ሙሉው ይበላሻል፤ ስምንት ቦታ ተቆርሶ የሚሸጥ ከሆነ ግን ቢያንስ ሦስት ቁራሽ ይተርፋል። የቺፕም ነገር ይኸው ነው። እንከኖች በዌፈሩ ላይ በዘፈቀደ የሚበተኑ ከሆነ፣ ቺፑ ደኅና የመውጣቱ ዕድል ስፋቱ ወይም የእንከኑ ብዛት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ይመናመናል። ለአብነት ያህል ገና ያልበሰለ ፋብሪካ በስኩየር ሴንቲሜትር 0.5 እንከን አለው እንበል። በአንድ ዌፈር ላይ 600 ስኩየር ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ወደ 90 የሚጠጉ ቺፖች ይታተማሉ። ደኅና የሚወጡት ከመቶ 5 ብቻ ስለሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ ልፋት የሚገኘው አራት ወይም አምስት ፕሮሰሰር ነው። ያው ፕሮሰሰር 75 ስኩየር ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ስምንት ቁርጥራጮች ተከፍሎ ቢነደፍ፣ በዌፈሩ ላይ ወደ 865 ቁርጥራጭ ይታተማል፤ ከመቶ 69 ያህሉ ደኅና ይወጣል፤ ሲገጣጠሙም ወደ 74 ፕሮሰሰር ይሆናሉ። ፋብሪካው በስሎ እንከኑ ወደ 0.1 ሲወርድ ደግሞ ትልቁ ቺፕ 49 ያህል፣ ቁርጥራጩ 100 ያህል ፕሮሰሰር ይሰጣል። የመገጣጠሚያው ወጪና ከፊል እንከን ያለባቸውን ቺፖች ዝቅ አድርጎ የመሸጥ ልማድ በዚህ ስሌት አልገቡም፤ ቢገቡም የነገሩ አቅጣጫ አይለወጥም።

ከነዚህ አራት ቁጥሮች ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ በበሰለ ፋብሪካ ትልቁም ቺፕ ትንሹም ቺፕ ይኖራሉ፤ ባልበሰለ ፋብሪካ ግን የሚኖረው ትንሹ ብቻ ነው። በአዲስ ትውልድ መጀመሪያ የሚወጡት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ የስልክና የላፕቶፕ ቺፖች የሚሆኑት በዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛው፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2019 ያወጣው የሰርቨር ፕሮሰሰር ለምን እንደዚያ እንደተነደፈ ነው። እያንዳንዳቸው 74 ስኩየር ሚሊሜትር ያህል የሆኑ ስምንት ቺፕሌቶች በአዲሱ 7 ናኖሜትር ተሠሩ፤ ግቢና ወጪውን የሚያስተናግደው መካከለኛ ክፍል በአሮጌውና በርካሹ 14 ናኖሜትር ቀረ። ይህ ንድፍ ፋብሪካው ገና እንዳልበሰለ ታስቦ የተነደፈ ነበር፤ በዚህ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ያህል አልተመሰገነም።

ወደ ብርሃኑ ነገር እንመለስ። በ193 ናኖሜትር ብርሃን ላይ የሚደረገውን ብዜት የሚያስቀረው፣ ሞገዱ 13.5 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን ነው። ይህን ማተሚያ የሚሠራ በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ እርሱም በኔዘርላንድ የሚገኘው ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. ነው። በመሣሪያው ውስጥ የቀለጠ የቲን ጠብታ በሰከንድ 50,000 ጊዜ ይለቀቅና እያንዳንዱ ጠብታ በሌዘር ይመታል፤ ከዚያ የሚወጣውን ብርሃን አየርም መስታወትም ስለሚውጠው፣ ሥራው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ በሌንስ ፈንታ በመስተዋት ይሠራል። በ2012 ኢንቴል፣ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. እና ሳምሰንግ ለዚህ መሣሪያ ምርምር ገንዘብ አዋጡ፤ ከሦስቱ ብዙ የከፈለው ኢንቴል ሲሆን፣ 15 ከመቶ የሚሆነውን የኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. አክሲዮን ገዛ። ይሁንና መሣሪያውን ሳምሰንግ በ2018፣ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. በ2019 ለምርት ሲያውሉት፣ ብዙ የከፈለው ኢንቴል በዚህ ብርሃን የተሠራ ፕሮሰሰር ለገበያ ያቀረበው በ2023 መጨረሻ ነው። ገንዘብ ቀድሞ መክፈል ቀድሞ ለመድረስ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የተገላቢጦሽ ምሳሌም አለ። ይህ መሣሪያ ወደ ቻይና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ አሜሪካም በጥቅምት 2022 ሰፊ የኤክስፖርት እገዳ አወጣች። ብዙ ተንባዮች የቻይና ኩባንያዎች ከ14 ናኖሜትር አያልፉም አሉ። በነሐሴ 2023 ሁዋዌ ያወጣው ስልክ ሲፈታ ግን በቻይናው ኤስ.ኤም.አይ.ሲ. የተሠራ የ7 ናኖሜትር ደረጃ ቺፕ ተገኘበት፤ የተሠራውም በዚያው በአሮጌው 193 ናኖሜትር ብርሃን በብዜት ነበር። ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. በ2018 በዚሁ መንገድ ሄዷልና ነገሩ ሊያስደንቅ ባልተገባ ነበር። ተንባዮቹ የዘነጉት፣ አይቻልም እና አያዋጣም የሚሉት ቃላት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ዋጋውን መንግሥት የሚሸፍንለት ፋብሪካ፣ ለንግድ የማያዋጣ ድርሻ እያገኘም ምርቱን ሊቀጥል ይችላል።

ማስታወቂያን ለማንበብ የሚረዱ ጥቂት ቃላትም አሉ። ኩባንያው ንድፉ አልቆ ለፋብሪካ ተላከ ሲል፣ ከሽያጭ ገና ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቀረዋል ማለት ነው፤ አንዱ ዌፈር ከፋብሪካው ገብቶ እስኪወጣ ብቻ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ስሕተት ከተገኘም ዙሩ ይደገማል። በሙከራ ደረጃ ማምረት ተጀመረ ሲባል፣ የጉድለቱን ኪሣራ ደንበኛው አውቆ የተቀበለበት ምርት ማለት ነው። የብዛት ምርት የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጥ ቢታመንም፣ ብዛቱ ስንት እንደሆነ አይነግርም። ተልኳል የሚለው ቃል ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ካነን ሌክ አሳይቷል። በመሆኑም ሊታመን የሚገባው፣ ዕቃው በበርካታ የኮምፒውተር ሠሪዎች ሞዴል ውስጥ ገብቶ በተራ ገዢ እጅ ሲታይ ነው።

ከዚህም ሌላ የወረፋ ነገር አለ። ፋብሪካው ቢበስልም ቦታው ለማን እንደተያዘ መታወቅ አለበት። በቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የአዲስ ትውልድ የመጀመሪያ ዌፈሮች በተደጋጋሚ የወሰደው አፕል ነው፤ የ5 ናኖሜትሩ በ2020፣ የ3 ናኖሜትሩ በ2023 እንዲህ ሆነዋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፖች ፍላጎት እንደ ጎርፍ መጣና ወረፋውን አዛባው። በ2025 መጨረሻ የተራ ኮምፒውተር ሜሞሪ ዋጋ ክፉኛ የናረው፣ የሜሞሪ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደዚሁ ገበያ በማዞራቸው ነው። ፕሮሰሰሩ በቀጠሮው ቀን ወጥቶ ኮምፒውተሩ ግን በሜሞሪ ዋጋ ምክንያት ሊወደድ ይችላል፤ ስለ ፕሮሰሰር ብቻ የሚተነብይ ሰው ይህን አያየውም።

በ2025 እና በ2026 መግቢያ ላይ ነገሩ የደረሰበት ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። ኢንቴል በ2021 በአራት ዓመት አምስት ትውልድ አደርሳለሁ ብሎ ነበር። ከነዚህ አንዱ የሆነውን 20ኤ በመስከረም 2024 ለምርት ሳያበቃው ተወውና ኀይሉን 18ኤ በሚለው ላይ አደረገ፤ በ20ኤ ይሠራ የነበረውን ፕሮሰሰርም በተፎካካሪው ፋብሪካ አሠራው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ይህን ዕቅድ ያወጡት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፓት ጌልሲንገር ከሥራቸው ለቀቁ። 18ኤ ግን ቀጠለ፤ ፓንተር ሌክ የተባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በአሪዞና ፋብሪካ ተሠርቶ በ2026 መጀመሪያ ለገበያ ቀረበ። ይህ ትውልድ ኤሌክትሪኩን ለትራንዚስተሮቹ በጀርባ በኩል ያደርሳል፤ የቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. 2 ናኖሜትር ይህ የለውም። ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የ2 ናኖሜትሩን የብዛት ምርት በ2025 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ጀመረ። ኤ.ኤም.ዲ. ቬኒስ የተባለው የሰርቨር ፕሮሰሰሩ ንድፍ ለዚሁ ፋብሪካ መላኩን ያስታወቀው በሚያዝያ 2025 ሲሆን፣ ሽያጩን ለ2026 ነው የቀጠረው።

በዚህ ላይ ከላይ የተነገረው መለኪያ ቢሠራበት ጠቃሚ ነው። ኢንቴል በጀርባ ኤሌክትሪክ የማድረሱን ሥራ አስቀድሞ በአሮጌ ትራንዚስተር ለብቻው ፈትኖታል፤ ይህም በ10 ናኖሜትር ጊዜ ሁሉን በአንድ ላይ በማጣመር ከደረሰበት ጥፋት የተማረ መሆኑን ያመለክታል። የመጀመሪያው ዕቃም ትልቅ የሰርቨር ቺፕ ሳይሆን ከትንንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር መሆኑ አስተዋይነት ነው፤ እንዲያውም ከክፍሎቹ አንዳንዱ የተሠራው በዚያው በቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነው። ቢሆንም ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር መሻገሩ ገና የፋብሪካውን መብሰል የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በ18ኤ የሚሠሩ የሰርቨር ፕሮሰሰሮችን ቀጠሮ እንደ ቁርጥ ቀን አድርጎ በግዢ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት አይመከርም። የኤ.ኤም.ዲ. ቀጠሮ የተሻለ ተስፋ አለው፤ በቺፕሌት የተነደፈ፣ በቀጠሮ አክባሪነቱ በታወቀ ፋብሪካ የሚሠራ ነውና። ያም ሆኖ የዚያ ፋብሪካ ሥራ በአብዛኛው ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ በማይለያትና የፖለቲካ ስጋት ባንዣበበባት በአንዲት ደሴት ላይ ነው። በሚያዝያ 2024 ሁዋሊየን አጠገብ የደረሰው ከባድ መንቀጥቀጥ ሠራተኞቹን ከፋብሪካው ቢያስወጣም ምርቱን ብዙ ሳያስተጓጉል አልፏል።

ለገዢው መሐንዲስ ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። በገበያ ያለና በበሰለ ፋብሪካ የተሠራ ዕቃ በሥራው ላይ የሚሰጠው አገልግሎት ይለካ፤ መጪው ትውልድ ግን በበርካታ ሠሪዎች ሞዴል ውስጥ ካልታየ በስተቀር አይጠበቅ። ኢትዮጵያን በመሰለ አገር ዕቃው ታዝዞ የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶለት እስኪገባ የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት፣ መጠበቅ ይበልጥ ውድ ይሆናል።

ውድድሩ ራሱ ወዴት እንደሚያመራ ግን በፕሮሰሰሮቹ ፍጥነት ሊታወቅ አይችልም። ከሃያ ዓመት በላይ በፊት፣ 130 ናኖሜትር የመጨረሻው ደረጃ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያ ደረጃ ላይ የሚያመርቱ ኩባንያዎች ከሃያ በላይ ነበሩ። ዛሬ በፊተኛው መስመር ላይ የቀሩት ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ.፣ ሳምሰንግና ኢንቴል ሦስቱ ናቸው። የእያንዳንዱ አዲስ ፋብሪካ ወጪ በዐሥር ቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ስለሆነ፣ በራሱ ፕሮሰሰሮች ሽያጭ ብቻ ይህን ወጪ መሸፈን የሚችል ኩባንያ የለም ለማለት ይቻላል። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኢንቴል አክሲዮን ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋውን ያዘ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ኩባንያው ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ባቀረበው ሰነድ ላይ፣ 14ኤ ለተባለው ቀጣይ ትውልድ ከውጭ ትልቅ ደንበኛ ካላገኘ ሥራውን ሊያዘገይ ወይም ጨርሶ ሊያቋርጥ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ያ ከሆነ በዚህ መስመር ላይ የሚቀሩት ፋብሪካዎች የሁለት ኩባንያዎች ብቻ ይሆናሉ።